ያረጀ ወይን ጠጅና ጠባቂው፤ ከካርቱም ሁለት የሚገኝ ትምህርት

የሰው ልጅ ከሚጠምቃቸው መጠጦች መካከል በዕድሜው ብዛት ክብሩና ዋጋው የሚጨምር ጥቂት ነው። ጠላ ሲሰነብት ይሆመጥጣል፤ ቢራም በወራት ውስጥ ጣዕሙን ያጣል። ቀይ ወይን ጠጅ ግን ከዘመን ጋር እየተሻሻለ የሚሄድ መጠጥ ነው እየተባለ ይነገርለታል። ይሁን እንጂ ይህ አባባል በሁሉም ላይ የሚሠራ አይደለም። በዓለም ከሚጠመቀው ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ዐሥርና ሃያ ዓመት ቢቀመጥ የሚሻሻለው ጥቂቱ ብቻ ነው። ያም ጥቂቱ ቢሆን በመልካም ጠባቂ እጅ ካልቈየ፣ ዕድሜ የሚያመጣለት ክብርን ሳይሆን ጥፋትን ነው። ስለዚህ ወዳጆች በአንድ ቤት ተሰብስበው ያረጀ ቀይ ወይን ጠጅ ከፍተው ሲቀምሱ የሚመዝኑት የወይኑን ተክልና የጠማቂውን ጥበብ ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ የመጣበትን መንገድ፣ የተቀመጠበትን ቤትና ቤቱ የቆመበትን አገር ጸጥታ ጭምር ይመዝናሉ።

ይህ እውነት በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ የተቈረቈረ ከተማ ነው። ካርቱም ሁለት የሚባለው ሠፈር ደግሞ ከመካከለኛው ከተማ በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና የውጭ አገር ሰዎች ለብዙ ዘመን በጉርብትና የኖሩበት ነው። ኢትዮጵያውያንም ከነዚህ ጎረቤቶች መካከል ነበሩ። በዚህ ሠፈር አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ እስኪያረጅ ድረስ ለመጠበቅ የፈለገ ሰው ሦስት ነገሮች ሲፈታተኑት ኖረዋል፤ እነርሱም ሙቀት፣ ሕግና ጦርነት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ወይን ጠጅ በዓባይ ሸለቆና በቀይ ባሕር ጠረፍ

ወይን ጠጅ ለሱዳን ምድር እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በሰሜን ሱዳን በሁለተኛው የዓባይ ፏፏቴ አጠገብ በነበረችው በሜናርቲ ደሴትና በታችኛው ኑብያ በሚገኙ ሌሎች ስፍራዎች፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት በመጀመሪያዎቹ ምእት ዓመታት የተሠሩ የወይን መጭመቂያ ገንዳዎች ተገኝተዋል። ይህ የታወቀው የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ አገሩን ከማጥለቅለቁ በፊት በ1960ዎቹ ዓመታት በተደረገው ቁፋሮ ነው። ዛሬ ሜናርቲ ከውሃ በታች ናት።

በ652 ዓ.ም. በግብፅ ሙስሊሞችና በኑብያ ክርስቲያን መንግሥት መካከል የተደረገው ባቅት የሚባለው ስምምነትም ለዚህ ጉዳይ ምስክር ነው። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ ዘገቡት፣ ኑብያ በየዓመቱ ባሪያዎችን ስትልክ ከግብፅ በኩል ደግሞ እህል፣ ጨርቅና ወይን ጠጅ ይሰጣት ነበር። ወይን ጠጅ የሃይማኖት ልዩነት ባላቸው በሁለት መንግሥታት መካከል በሚደረግ የዲፕሎማሲ ልውውጥ ውስጥ መግባቱ፣ መጠጡ ከጥንት ጀምሮ የሕግና የአስተዳደር ጉዳይ እንደ ነበረ ያሳያል። ከካርቱም በላይ በጥቁር ዓባይ ዳር የምትገኘው ሶባ የአልዋ ክርስቲያን መንግሥት መናገሻ ነበረች። በዐሥረኛው ምእት ዓመት ኢብን ሰሊም አል አስዋኒ የተባለው መልእክተኛ ስለ ሶባ ሲጽፍ፣ የአብያተ ክርስቲያናቷን የወርቅ ሀብትና የአትክልት ስፍራዎቿን ሳያደንቅ አላለፈም።

በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ያለው ታሪክ ከዚህም ይቀድማል። በመጀመሪያው ምእት ዓመት በአንድ የባሕር ነጋዴ በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ ወደ ነበረው ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ሸቀጦች ሲዘረዝር ከላዎዲቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ ወይን ጠጅ ይጠቅሳል፤ መጠኑም ብዙ እንዳልነበረ ያመለክታል። ያ ነጋዴ ስለ ጣዕሙ አንዳች አልጻፈም። የጻፈው ከየት እንደ መጣና ምን ያህል እንደሚፈለግ ነው። የወይን ጠጅ ምዘና ከመነሻና ከመንገድ እንደሚጀምር ነጋዴዎች ያወቁት ከዚያን ዘመን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

ዕድሜ በጠርሙስ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ቀይ ወይን ጠጅ ቀለሙን የሚያገኘው ከወይኑ ፍሬ ቅርፊት ነው። ከቅርፊቱና ከዘሩ ደግሞ ታኒን የሚባል ነገር ይወጣል። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ወይም እጅግ የጠነከረ ሻይ የጠጣ ሰው ምላሱና ድዱ ደርቆ ሲያዝበት የሚሰማው ስሜት የታኒን ሥራ ነው። ወጣት ወይን ጠጅ ታኒኑ ሻካራ፣ ቀለሙም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሆናል።

ወይን ጠጁ በጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ ታኒኑና ቀለሙ ቀስ በቀስ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዱና አተላ ሆነው ይዘቅጣሉ። ከዚህም የተነሣ መጠጡ ይለሰልሳል፤ ቀለሙም ከሐምራዊ ወደ ቀይ፣ ከቀይም ወደ ጡብ መልክ ይለወጣል። መዓዛውም እንዲሁ ይለወጣል። በወጣትነቱ እንጆሪና ጥቁር ፍሬ ይሸት የነበረው ወይን ጠጅ ሲያረጅ የደረቀ በለስ፣ የትምባሆ ቅጠል፣ የለፋ ቆዳ፣ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን በዝግታ ሲሠራ ነው። ለዚህም 12 ወይም 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ፣ ጨለማ፣ መጠነኛ እርጥበትና ጸጥታ ያስፈልጉታል። ጠርሙሱም ተጋድሞ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ምክንያቱም ቡሹ ከመጠጡ ጋር ተነካክቶ ካልራሰ ደርቆ አየር ስለሚያስገባ ነው።

የካርቱም ሙቀት

በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም ያልፋል። እንደ አውራ ደንብ፣ ሙቀት በዐሥር ዲግሪ በጨመረ ቍጥር በጠርሙስ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ነገር ግን በሙቀት የተቻኰለ እርጅና በዝግታ ከመጣው እርጅና ጋር አንድ አይደለም። መጠጡ ሲሞቅ ያብጥና ቡሹን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሲቀዘቅዝም ይሰበሰብና አየር ወደ ውስጥ ይስባል። በዚህ ዐይነት ጥቂት በጋ ያሳለፈ ጠርሙስ ሲከፈት ትኩስ ፍሬ መሽተቱ ቀርቶ የተቀቀለ ፍሬ ይሸታል።

የካርቱም ቤቶች እንደ ኤውሮፓ ቤቶች ጥልቅ የድንጋይ ምድር ቤት አልተሠራላቸውም። ስለዚህ በካርቱም ሁለት ወይን ጠጅ ለማስቀመጥ የፈለገ ሰው የሚተማመነው በአየር ማቀዝቀዣና በፍሪጅ ላይ ሲሆን፣ እነዚህም በኤሌክትሪክ ኀይል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መብራት በጠፋ ቍጥር የጠባቂው ድካም ከንቱ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ሰው ጓዳ የሚጠበቀው በባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በመብራት ኀይል አስተዳደርም ጭምር ነው።

መንገዱም ቢሆን እንዲሁ ነው። ወይን ጠጅ ወደ ካርቱም ሲገባ በተለመደው መንገድ ከቀይ ባሕር ወደብ ከፖርት ሱዳን ተነሥቶ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በረሓ ያቋርጣል። ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት ሳምንት ቢቀመጥ፣ ከፈረንሳይ እስከ ወደቡ የተደረገለት ጥንቃቄ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

የሁለቱ ጠርሙሶች ምሽት

ጠባቂ ምን ያህል እንደሚለይ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ማሰብ ይቻላል። አንድ የካርቱም ሁለት ነዋሪ ከአንድ የወይን ስፍራና ከአንድ ዓመት ምርት የሆኑ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሁለት ጠርሙሶች አሉት እንበል። አንደኛው ዘመኑን ሁሉ በኤውሮፓ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ኖሮ በቅርብ ጊዜ በጥንቃቄ የመጣ ነው። ሁለተኛው ግን ሦስት የካርቱም በጋዎችን በመኖሪያ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ያሳለፈ ነው። ባለቤቱ አራት ወዳጆቹን ጠርቶ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳይነግራቸው ያስቀምሳቸዋል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሁለት ቀን በፊት ነው። ተጋድመው የነበሩት ጠርሙሶች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ይህም አተላው ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ባለቤቱ በዚያን ጊዜ የመጠጡን ከፍታ ይመለከታል። በመልካም የተጠበቀ የዐሥራ አምስት ዓመት ጠርሙስ መጠጡ እስከ አንገቱ ሊደርስ ይገባዋል፤ ወደ ትከሻው የወረደ እንደ ሆነ ቡሹ አየር ማስገባቱን ያመለክታል።

ቡሹ ሲነቀል በዝግታ ነው፤ ያረጀ ቡሽ ይፈረፈራልና። ከዚያ በኋላ ወይን ጠጁ ሻማ ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ተበርቶ ወደ መስተዋት ማንቆርቆሪያ ሳይቋረጥ በቀስታ ይገለበጣል። አተላው እንደ ጭስ ሆኖ ወደ አንገቱ ሲደርስ በሻማው ብርሃን ስለሚታይ መቅዳቱ በዚያው ይቆማል። እጅግ ያረጀ ወይን ጠጅ መዓዛው ቶሎ ስለሚበንን ከተገለበጠ በኋላ ብዙ ሰዓት ሊቈይ አይገባውም።

ቀይ ወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚለው የታወቀ ደንብ በካርቱም አይሠራም። ይህ ደንብ የወጣው የኤውሮፓ ቤቶች 17 ወይም 18 ዲግሪ በነበሩበት ዘመን ነው። በካርቱም የክፍል ሙቀት 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሙቀት የሚቀዳ ወይን ጠጅ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ስለዚህ ከመክፈት በፊት ጠርሙሱን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ አድርጎ ማቆም ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ባህል አሳላፊ ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂቱን በመዳፉ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ይህም ለመጠጡ ደኅንነት ራሱን ዋስ ማድረጉ ነው። በወይን ጠጅ ማዕድም ባለቤቱ አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ምክንያቱ ግን የመጠጡን ጤንነት ለማረጋገጥ ነው። እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት የሚሸት ከሆነ ቡሹ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ይህ ሽታ በብዙ ሰዓት አየርም አይለቅም። ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነም አየር ገብቶበታል። እነዚህ ጉድለቶች ያሉበት ጠርሙስ ለእንግዳ አይቀርብም።

ብርጭቆው ከሲሶ በላይ አይሞላም። እንግዶቹ በመጀመሪያ በነጭ ጨርቅ ላይ ብርጭቆውን አዘንብለው ቀለሙን ያያሉ፤ የዳሩ ቀለም ከመካከሉ ይልቅ ዕድሜውን ይናገራል። ቀጥለው ያሸታሉ፤ ብርጭቆውን ጥቂት አዙረው ደግመው ያሸታሉ። በመጨረሻ በጥቂቱ ተጐንጭተው በአፋቸው ሁሉ ያዳርሱታል። የሚመዘነው ነገር አራት ነው፤ ኮምጣጣነቱ ሕያው ነውን? ታኒኑ ለስልሷልን? ፍሬው ገና አለን? ከዋጡት በኋላስ ጣዕሙ ምን ያህል ይቈያል? እያንዳንዱ እንግዳ ያገኘውን በወረቀት ይጽፋል፤ አንዱ የሌላውን ቃል እንዳይደግም ሁሉም ጽፈው እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አይናገርም።

ሃይማኖቱ ወይም ጤናው የሚከለክለው ወዳጅ ከማዕዱ አይገለልም። በሱዳን ቤት ከርከዴ አይጠፋምና እርሱም እንደ ወይን ጠጁ ቀይ ሆኖ በተመሳሳይ ብርጭቆ ይቀርብለታል።

ብርጭቆዎቹ ሲነጻጸሩ ከወዳጆቹ አንዱ፣ «ይህ ሁለተኛው ደክሟል፤ የሌላ ስፍራ ወይን ጠጅ ይመስለኛል» ቢል፣ ባለቤቱም «እርስዎ የቀመሱት ሁለቱም የአንድ ስፍራና የአንድ ዓመት ናቸው» ብሎ ቢመልስለት፣ የምሽቱ ትምህርት በዚህ ይገኛል። የአንደኛው ብርጭቆ ዳር ጡብ መልክ ሆኖ መካከሉ ገና ቀይ ነው፤ የሁለተኛው ግን እስከ መካከሉ ቡናማ ሆኗል። አንደኛው የደረቀ በለስና ትምባሆ ሲሸት፣ ሁለተኛው የተቀቀለ ፍሬና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ተክሉ፣ ጠማቂውና ዓመቱ አንድ ናቸው፤ የተለየው ጠባቂው ብቻ ነው።

ስም ሳያዩ መፍረድ

በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ተሸፍኖ የሚደረግ ምዘና የሰውን ፍርድ ከወሬ ነጻ ያወጣል። በ2001 ዓ.ም. የታተመ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንደሚያሳየው፣ 54 የወይን ጠጅ ጥበብ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ጠጅ ቀርቦላቸው መዓዛውን በቀይ ወይን ጠጅ ቃላት ገልጸውታል። ዐይን አፍንጫን እንደሚያዝዝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ስምንም በሚመለከት ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ የሆነው የታወቀ ነው። እስቲቨን ስፐሪየር የተባለው እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ የፈረንሳይንና የካሊፎርንያን ወይን ጠጆች ስማቸውን ሸፍኖ ለፈረንሳውያን ዳኞች ባቀረበ ጊዜ፣ ከቀዮቹ አንደኛ የወጣው የካሊፎርንያው ስታግስ ሊፕ የ1973 ምርት ነበር። የፈረንሳይ ወይን ጠጅ ወዳጆች፣ «የኛ የሚታወቀው ሲያረጅ ነው» ብለው ተከራከሩ። በ2006 ዓ.ም.፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እነዚያው ቀይ ወይን ጠጆች እንደ ገና ተሸፍነው ሲቀመሱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደረጃዎች የያዙት የካሊፎርንያዎቹ ሆኑ፤ የሪጅ ሞንቴ ቤሎ የ1971 ምርትም አንደኛ ወጣ። ሠላሳ ዓመት የጠበቀ ጓዳ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ መልስ ባላገኘ ነበር።

ለነጋዴ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ያረጀ ወይን ጠጅ ዋጋው ከፍ ሲል አታላይም ይነሣል። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ሰው ርካሽ ወይን ጠጅ እየደባለቀ፣ የታወቁ የጥንት ወይን ጠጆችን ወረቀት እየለጠፈ በመሸጡ በ2013 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ በሚከተለው ዓመት የዐሥር ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። ባለጠጎችና ዐዋቂዎች የተባሉ ሁሉ በእርሱ ተታልለው ነበር። ስለዚህ ያረጀ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ከስሙ ይልቅ ጠርሙሱ ማን ዘንድ እንደ ነበረ የሚያስረዳውን ሰነድ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሕግ

በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ሱዳንን ከያዘ በኋላ የግሪክ ነጋዴዎች በካርቱም ሱቅ ከፍተው የታሸገ ምግብና የኤውሮፓ መጠጥ ይሸጡ ነበር። ሱዳን ጥር 1 ቀን 1956 ነጻነቷን ካገኘች በኋላም ለብዙ ዓመት መጠጥ በግልጽ ይሸጥ ነበር። ሕዝቡም በበኩሉ ከማሽላ መሪሳ፣ ከተምር ደግሞ ዐረቄ ያዘጋጅ ነበር።

በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ባወጁ ጊዜ መጠጥ ሁሉ ተከለከለ። በየመጋዘኑ የነበረውም ተሰብስቦ በሕዝብ ፊት ወደ ዓባይ ተደፋ። በዚያ ቀን በውሃው ውስጥ የፈሰሰው ቢራና ዊስኪ ብቻ አልነበረም፤ ለብዙ ዓመታት የተጠበቀ ነገርም አብሮ ፈሷል። የ1991 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ደግሞ ለሚጠጣ፣ ለሚይዝ ወይም ለሚጠምቅ ሙስሊም አርባ ጅራፍ ደነገገ።

ከዚያ በኋላ ወይን ጠጅ በካርቱም በግልጽ የቀረው በዲፕሎማቶች ቤት ነው። በ1961 የተፈረመው የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 36 መልእክተኞች ለግል መጠቀሚያቸው የሚያስገቡት ዕቃ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ይፈቅዳል። ከዚህ ውጭ ያለ ሰው ግን ጠርሙስ ቢኖረው የሚያስቀምጠው ሙቀትን ፈርቶ ሳይሆን ሰውን ፈርቶ ነው። በፍርሃት የተቀመጠ ነገር ደግሞ ቶሎ ይጠጣል እንጂ አያረጅም።

በሐምሌ 2020 የሽግግሩ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጥ መጠጣትን ፈቀደ፤ ለሙስሊሞች ግን ክልከላው ጸና። ሕግ አንድን ነገር መከልከሉም ሆነ መፍቀዱ የአገሩ ሕዝብ ሥልጣን ነው። ከወይን ጠጅ ጠባቂ አንጻር ሲታይ ግን የሚጐዳው ክልከላው ብቻ ሳይሆን ሕጉ መለዋወጡም ነው። ዛሬ የተፈቀደ ነገ እንደሚከለከል የሚሠጋ ሰው ለዐሥር ዓመት የሚሆን ነገር አያስቀምጥም፤ ይህም በወይን ጠጅ ላይ ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ንግድ ላይ የሚሠራ ነው።

ጦርነት

ከዚያ ማሻሻያ በኋላ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኀይል መካከል በካርቱም ውስጥ ውጊያ ተነሣ። የመኖሪያ ሠፈሮች የጦር ሜዳ ሆኑ፤ ቤቶች ተሰብረው ተዘረፉ፤ መብራትና ውሃ ተቋረጠ። በአገሩ በሙሉ ከዐሥር ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያንም ብዙዎቹ በገላባትና በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የመንግሥቱ ጦር በመጋቢት 2025 ቤተ መንግሥቱን መልሶ ሲይዝ የመካከለኛው ከተማ ብዙ ክፍል ፈርሶ ነበር።

ሕይወቱንና ቤቱን ላጣ ሕዝብ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ነገር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን የጠፋው ምን እንደ ሆነ በትንሽ ነገር ይታወቃል። ዐምስት ወዳጆች በአንድ ግቢ በጸጥታ ተቀምጠው፣ አንዱ ወይን ጠጅ ሌላው ከርከዴ ይዞ፣ ስለ አንድ ብርጭቆ ቀለም የሚከራከሩበት ምሽት የሚገኘው ዘበኛ ሳይፈራ፣ መብራት ሳይጠፋና እንግዳ በደኅና ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሲታመን ነው። ሙቀትን በማቀዝቀዣ፣ ሕግን በትዕግሥት መቋቋም ይቻላል፤ ቤት ሲፈርስ ግን ጠባቂ የለም።

ለነጋዴና ለአስተዳዳሪ

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቀይ ባሕር ጠረፍና ለደጋው አገርም ይሠራል። ምጽዋ በሙቀት ከካርቱም ብዙ አትለይም። ከ120 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ግን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ አሥመራ ትገኛለች። አሥመራና አዲስ አበባ የዓመቱ አማካይ ሙቀታቸው 16 ወይም 17 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ በሰሜን በኩል ያለ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ክፍል በራሱ ጓዳ ሊሆን ይችላል። ተፈጥሮ ለደጋው ሰው የሰጠችውን ይህን ስጦታ የካርቱም ነዋሪ በብዙ ገንዘብ ሊገዛው ይመኛል።

ነጋዴ እንግዲህ ሦስት ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። አንደኛ፣ ዕቃው ወደብ ሲደርስ በፀሐይ ሳይቈይ ወደ ደጋ እንዲወጣ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ በጽሑፍ መያዝ። ሦስተኛ፣ ስለ ዕድሜው ከመናገሩ በፊት ራሱ ቀምሶ ማረጋገጥ።

በኢትዮጵያም በዝዋይ አጠገብ በተተከለ የወይን እርሻ ከሜርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞ የሚጠመቅ ቀይ ወይን ጠጅ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ለገበያ ቀርቧል። ይህ ወይን ጠጅ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚችል በወሬ አይታወቅም። አንድ ሣጥን ወይም 12 ጠርሙስ ገዝቶ፣ በቀዝቃዛ ክፍል አጋድሞ፣ በየዓመቱ አንዱን ከወዳጆች ጋር ከፍቶ የሚቀምስና ያገኘውን በመዝገብ የሚጽፍ ሰው በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያውቀዋል።

አስተዳዳሪም የራሱ ድርሻ አለው። ጉምሩኩ ዕቃን በሰዓቱ ቢለቅቅ፣ መብራት ባይቋረጥ፣ ሕጉ ግልጽና ጽኑ ቢሆን፣ ሰው ለነገ የሚሆነውን ዛሬ ያስቀምጣል። የዐሥራ አምስት ዓመት ወይን ጠጅ በአንድ ቤት ጤናማ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ያ ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት በሰላም እንደ ኖረ ጠርሙሱ ራሱ ይመሰክራል።